ከመተኮስ በፊት፦ «ማን ይሸከመዋል?»



በኮሎራዶ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አዲሱን ዓመት ተቀብለን እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ በአንዳንድ ወንድሞቻችን ቤት ሌላ ወሬ ይጀመራል። የአደን ወሬ ነው። ዘንድሮ ፈቃድ የደረሰው ማን ነው? ወደ የትኛው ተራራ እንውጣ? በረዶው መቼ ይጥል ይሆን? በዴንቨርና በኦሮራ ታክሲ የሚነዱ፣ በሆስፒታል የሚሠሩ፣ ሱቅ የሚጠብቁ ወንድሞች ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ወስደው ወደ ሮኪ ተራሮች ይወጣሉ። የሚፈልጉት ኤልክ የሚባለውን እንስሳ ነው። ኤልክ ከአጋዘን ዘር ሲሆን ቁመቱ ፈረስ ያህላል፤ ወንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ ቀንድ አለው። ኮሎራዶ ደግሞ ከየትኛውም የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ይልቅ ብዙ ኤልክ ያለባት ምድር ናት።

በየዓመቱ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። «ክርስቲያን ማደን ይችላል ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም ረጅም አይደለም። ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ለኖኅና ለልጆቹ ሥጋን ምግብ አድርጎ ሰጣቸው (ዘፍጥረት 9፥3)። በዘዳግም 14፥5 ላይ ለእስራኤል የተፈቀዱት የዱር እንስሳት በስማቸው ተዘርዝረዋል፤ ዋላና ሚዳቋም ይገኙበታል። እንግዲህ ማደን በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ግን ብዙ ጊዜ የማይጠየቀውን ጥያቄ ነው። ጥይቱ ከተተኮሰ፣ እንስሳው ከወደቀ በኋላ ያ ሁሉ ሥጋ ከተራራው እንዴት ይወጣል? የሚያወጣውስ ማን ነው? የአዳኝ ሥነ ምግባር የሚፈተነው ከዒላማው ይልቅ በሸክሙ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ይህ ነገር ደግሞ አድነው ለማያውቁትም የሚናገረው አለው።

ሸክሙ ስንት ነው?

ሒሳቡን እናስላ። የጎለመሰ ወንድ ኤልክ በሕይወት ሳለ 300 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ጭንቅላቱ፣ ቆዳው፣ ሆድ ዕቃውና አጥንቱ ሲቀነስ የሚበላው ሥጋ ብቻውን 90 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከ100 ኪሎ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። አንድ የኋላ እግር ከነአጥንቱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ጤነኛ ሰው በተራራ መንገድ በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ በጀርባው ለማውጣት ይቸገራል፤ ብዙዎቻችን ያንኑም አንችል።

እንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን ከመኪና መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ኤልክ ጣለ እንበል። ሥጋውን በአራት ዙር ቢያወጣ፣ ተሸክሞ የሚሄደው 20 ኪሎ ሜትር፣ ለሚቀጥለው ሸክም ባዶውን የሚመለሰው ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በድምሩ 35 ኪሎ ሜትር ነው። ይህም በሜዳ ላይ አይደለም። ቦታው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ የእንጦጦን ጫፍ አስቡት። የወደቀ ግንድ መሻገር፣ ገደል መውረድ፣ ከዚያ እንደገና መውጣት አለበት።

መኪና ይግባ እንዳይባል፣ ኤልክ የሚበዛበት ምድር አብዛኛው መንገድ የለውም። በ1964 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ መሠረት ዱር ሆነው እንዲቆዩ በተከለሉት ስፍራዎች ደግሞ ሞተርም ሆነ ባለ ጎማ ማጓጓዣ አይፈቀድም። የቀረው የሰው ጀርባ ወይም የጋማ ከብት ነው። ፈረስና በቅሎ ያላቸው ሰዎች በክፍያ ያወጣሉ፤ በላማ የሚያወጡም አሉ።

ሥጋው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የቀስት አደን በሚካሄድበት በመስከረም መጀመሪያ ቀኑ ገና ይሞቃል። የኤልክ ቆዳና ጠጉር ወፍራም ስለሆነ ቶሎ ካልተገፈፈ ሙቀቱ ከውስጥ አይወጣም። መጀመሪያ የሚበላሸው በዳሌው መገጣጠሚያ፣ አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ነው፤ ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ ይሸታል። ስለዚህ አዳኙ እንስሳው እንደወደቀ ቆዳውን ገፎ፣ ብልቱን አውጥቶ፣ ነፋስ በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ከትቶ፣ ጥላ ባለበት ዛፍ ላይ መስቀል አለበት። ያንን ሳያደርግ ቁጭ ብሎ ፎቶ የሚነሣ ሰው ሥጋውን እያጠፋው ነው።

ማንም በማያይበት

በዘሌዋውያን 17 ላይ ያለውን ትእዛዝ ስናነብብ አንድ ነገር ያስደንቀናል። ምዕራፉ በአብዛኛው የሚናገረው ወደ መገናኛው ድንኳን ደጃፍ ስለሚመጣው መሥዋዕት ነው። በዚያ ካህን አለ፤ መሠዊያ አለ፤ ሕዝቡም ያያል። ከዚያ በቁጥር 13 ላይ ቃሉ በድንገት ከሰፈር ይወጣና ወደ አዳኙ ይሄዳል። የሚበላ የዱር እንስሳ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ያዝዛል።

አዳኙ በዚያ ሰዓት የት ነው ያለው? በምድረ በዳ። ካህን የለም፤ መሠዊያ የለም፤ ጎረቤት የለም። ደሙን ሳይሸፍን ቢሄድ ማን ያውቃል? ነገር ግን የሕይወት ባለቤት እዚያም አለ። ሕይወት የእርሱ ስለሆነች፣ ያቺን ሕይወት የወሰደው ሰው ማንም ባያየውም እንኳ አንዲት የአክብሮት ሥራ ሳይሠራ እንዳይሄድ ታዝዟል። እጁን አፈር ውስጥ አስገብቶ ለአፍታ ያጎነብሳል። ያወረደው ነገር ተራ ነገር እንዳልሆነ በጉልበቱ ይመሰክራል።

እኛ በአዲስ ኪዳን ያለን ሰዎች ይህን ሥርዓት እንደ ሕግ አልተሸከምነውም። መንፈሱ ግን አልተሻረም። ከመንገድ 8 ኪሎ ሜትር ርቆ በጨለማ ውስጥ ያለ አዳኝ አንዱን ወርች ጥሎ ቢመጣ የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት «ሁሉንም አወጣነው» ቢል የሚያስተባብለው የለም። ክርስትናችን ክርስትና መሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። በጉባኤ መካከል ታማኝ መሆን ቀላል ነው፤ ወንበሩም ሰውም ያግዛል።

ሕጉና ሕጉን የወለደው ታሪክ

የምድሪቱም ሕግ ዝም አላለም። በኮሎራዶ ያደነውን እንስሳ የሚበላ ሥጋ ለሰው ምግብ እንዲሆን ሳያዘጋጅ የሚያባክን ሰው ይቀጣል። ሥጋውን ሆን ብሎ ትቶ ቀንዱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ደግሞ በከባድ ወንጀል ይከሰሳል። ሌሎቹም የምዕራብ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፤ የትኛው ብልት የግድ መውጣት እንዳለበት ግን ዝርዝሩ ይለያያል። በአላስካ ቀንድ ከሥጋው ቀድሞ ካደኑበት ቦታ አይወጣም። መጀመሪያ ሥጋው፣ በመጨረሻ ቀንዱ። እንዴት ያለ ጥበብ ያለበት ሕግ ነው!

እነዚህ ሕጎች ከባዶ አልመጡም። በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሜዳዎች ጎሾች ለቆዳቸውና ለምላሳቸው ሲባል እየተገደሉ ሥጋቸው በፀሐይ በስብሶ ቀርቷል። ኤልክም በላይኛው መንጋጋው ላይ ላሉት ሁለት ጥርሶች ሲባል ይገደል ነበር፤ ጥርሶቹ ለጌጥ ይፈለጉ ነበርና። ለሁለት ጥርስ ያን የሚያህል ፍጥረት! በመጨረሻ ኤልክ በኮሎራዶ እጅግ ተመናመነ። በ1913 እና በ1914 (እ.ኤ.አ.) ከየሎውስቶን አካባቢ ኤልኮች መጥተው ዛሬ የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ባለበት አካባቢ ተለቀቁ። ዛሬ የምናየው መንጋ የሰው ስግብግብነት ካጠፋው በኋላ በትዕግሥት የተመለሰ መንጋ ነው። እኛ ስደተኞች ሆነን መጥተን የዚህ ትዕግሥት ፍሬ ተካፋዮች ሆነናል። ስለዚህ ሕጉን የምንጠብቀው ቅጣቱን ፈርተን ብቻ ሊሆን አይገባም።

«እግዚአብሔር ቁራን ይመግባል»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር አራት ሆነን ወጥተን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ወንድም ወደ ማታ ላይ አንድ ወንድ ኤልክ ጣለ። መኪናችን 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ገፈን፣ ብልቱን አውጥተን እስክንጨርስ ጨለመ። በግንባራችን ባትሪ አስረን አራት ሸክም ይዘን ወረድን፦ ሁለቱን የኋላ እግሮች፣ አንዱን ወርች፣ ሽንጡንና ጭቅናውን ከልቡ ጋር። መኪናው ጋ ስንደርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። አንድ ወርችና የአንገቱ ሥጋ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ጥድ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ሲነጋ በረዶ ጥሏል። ጉልበታችን አልታዘዝ አለን፤ በተለይ ሃምሳን የተሻገርነው ከመቀመጫችን ለመነሣት እንኳ ተቸገርን። ያን ጊዜ ከወጣቶቹ አንዱ ቡናውን ይዞ እንዲህ አለ፦ «ፓስተር፣ የቀረችውን ለወፎቹ እንተውላቸው። እግዚአብሔር ቁራን ይመግባል ይል የለ?»

ሁላችንም ሳቅን። ጥቅሱ እውነት ነው፤ በሉቃስ 12፥24 ላይ ጌታ ራሱ ስለ ቁራ ተናግሯል። ግን ሳቁ ሲያልፍ ዝም አልን። ከዚያ እንዲህ ብለን መለስንለት፦ «ቁራን የሚመግበው እግዚአብሔር ነው። ይህን እንስሳ የጣልነው ግን እኛ ነን። ቁራው ሆድ ዕቃው ቀርቶለታል፤ ጠግቦ ያድራል። ወርቹ የኛ ዕዳ ነው።»

በተራራ ላይ የሚቀር ነገር ሁሉ ብክነት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ሆድ ዕቃው፣ አጥንቱ፣ ከቆዳው የተረፈው ለቁራ፣ ለቀበሮና ለድብ ምግብ ይሆናል፤ ፈጣሪ ምድርን እንዲህ ሠርቷታል። ልዩነቱ ያለው ለሰው ምግብ ብለን በወሰድነው ነገር ላይ ነው። «ለመብላት ነው የገደልሁት» ያለ ሰው የሚበላውን ጥሎ ከመጣ ቃሉ ሐሰት ሆኗል። ደካማነትን በጥቅስ መሸፈን ደግሞ የሁላችንም ፈተና ነው። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ ሰው ለስንፍናው የሚሆን ቁጥር አያጣም።

ሁለቱ ወንድሞች ተመልሰው ወጡ፤ ያ ወጣት አንዱ ነበር፤ ሳንጠይቀው ነው የተነሣው። የቀረነው እኩል መንገድ ድረስ ሄደን ጠበቅናቸው፤ ሸክሙንም እየተቀባበልን አወረድን። ያ ወርች በኋላ ቋንጣ ሆኖ፣ አዲስ የመጣ አንድ ቤተሰብ ክረምቱን ቋንጣ ፍርፍር በላበት።

መወሰኛው ከቃታው በፊት ነው

ነገር ግን ዋናው ምርጫ ያለው በዚያ በረዷማ ጠዋት አይደለም። ያኔማ ዕዳው ከገባ ቆይቷል። ምርጫው ያለው ቃታው ከመሳቡ በፊት ነው። ጌታ በሉቃስ 14፥28 ስለ ግንብ ሠሪው ሲናገር ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ ሰውየው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል። አዳኝም መቀመጥ አለበት። ስንት ነን? መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ሙቀቱ እንዴት ነው? መሸ ወይስ ገና ነው? ጉልበቱን የሚያመው አለ? ፈረስ የምንከራይ ከሆነስ ባለፈረሱን አስቀድመን አነጋግረናል ወይስ «ሲገኝ እንደውላለን» ብለን ነው?

በሌላ ዓመት ሁለት ሆነን በወጣንበት ጊዜ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጥልቅ ሸለቆ ማዶ አንዲት ኤልክ ቆማ አየን። ፈቃዱ የርሱ የሆነው ወንድም ጠመንጃውን አስተካክሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ርቀቱ ለርሱ ከባድ አልነበረም። ቀስ ብለን «ማን ይሸከማታል?» አልነው። ሸለቆውን ለመሻገር ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፤ መኪናችን 9 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በዚያ ላይ አየሩ ሞቃት ነበር፤ የአንዳችን ጉልበትም ታሟል። ለረጅም ጊዜ በመነጽሩ አያት። ከዚያ ጠመንጃውን አወረደ። ኤልኳ ሣሯን እየጋጠች ወደ ጫካው ገባች።

በዚያ ዓመት ባዶ እጃችንን ተመለስን። ፍሪዘሩም ባዶ ነበር። ለፈቃድና ለነዳጅ የወጣው ገንዘብ፣ ከሥራ የቀረው ቀን ሁሉ «ከንቱ» ተባለ። እኛ ግን በዚያ ምሽት ያየነው ከማናቸውም ቀንድ የሚበልጥ ነገር ነው። አንድ ሰው የሚችለውን ነገር ሊጨርሰው ስለማይችል ብቻ ተወው። ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ እንደሆነ ስንት ጊዜ ሰብከናል! እዚያ ግን ቆሞ አየነው።

በምሳሌ 12፥27 ላይ ስለ ሰነፍ አዳኝ የሚናገር አንድ ቃል አለ። ዕብራይስጥ ስንማር ይህ ቁጥር አስቸግሮን ነበር፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ግስ በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ተርጓሚዎች ይለያያሉ፤ አንዳንዶች ሰነፉ አድኖ አይዝም ይላሉ፤ ብዙዎች ግን ያደነውን አይጠብስም ብለው ይተረጉሙታል። በሁለተኛው ከሄድን ሥዕሉ ግልጽ ነው። ሰውየው ሮጧል፣ አነጣጥሯል፣ ገድሏል። ስንፍናው የታየው በአደኑ አይደለም፤ ከአደኑ በኋላ ባለው፣ ጭብጨባ በሌለው ሥራ ላይ ነው። ደስ የሚለውን ጀምሮ የሚያደክመውን መተው ስንፍና ይባላል፤ መጀመሪያው ምንም ያህል ጀግንነት ቢመስል።

ቀንዱና ሥጋው

በአገራችን የአደን ታሪክ ውስጥ «ገዳይ» የክብር ስም ነበር። አንበሳ የገደለ፣ ዝሆን የጣለ ይፎክራል፤ ቀረርቶው ይደረደርለታል፤ ሹመትና ሽልማትም ያገኝበታል። የሚታየው ጎፈሬው፣ ጥርሱ፣ ቀንዱ ነበር። አያቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ግን ያ መንፈስ አሁንም በደማችን ውስጥ አለ። የዛሬው ፉከራ በስልክ ነው፤ የቀንዱ ፎቶ ኤልኩ ሳይቀዘቅዝ አዲስ አበባ ይደርሳል።

በቀንድ መደሰት ኃጢአት ነው አንልም። የፈጣሪን ጥበብ የሚያሳይ ውብ ነገር ነው። ነገር ግን ወንድም ሆይ፣ ፎቶውን ስትልክ ራስህን ጠይቅ፦ ሥጋው የት ነው? ሰው ያጨበጨበልህ ለቀንዱ ነው፤ ሰው የሚጠግበው ግን በሥጋው ነው። ይህ በአገልግሎትም ያለ ነው። መድረክ ላይ የሚታየው ቀንዳችን ነው። ከዚያ በኋላ የታመመን መጠየቅ፣ ያዘነን ማጽናናት፣ ወንበሩን መሰብሰብ፣ ያ ሁሉ ሥጋ የመሸከም ሥራ ነው።

ቅርጫ ያለ ገንዘብ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። አንድን ሰው የሚሰብር ሸክም አራት ሰው ሲካፈለው ጨዋታ ይሆናል፤ አራት ቤተሰብ ከሚበላው የሚተርፈው ሥጋም ለሃያ ቤት ይደርሳል። አንዳንድ ወንድሞች «እንደ ቅርጫ ገንዘብ አዋጥተን እንካፈለው» ብለው ጠይቀውን ነበር። ይህ አይቻልም። በሕጉ የዱር እንስሳ ሥጋ አይሸጥም፤ በስጦታ ግን ይሰጣል። እኛም በዚህ ደስ አለን። ገንዘብ የሌለበት ቅርጫ ማለት ነው። መደቡ ሲወጣ መጀመሪያ አቅመ ደካሞች፣ ብቻቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶችና አዲስ የመጡት ይደርሳቸዋል።

ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የአጋዘን ዘሮችን አንጎል እያጠቃ የሚያመነምን ክሮኒክ ዌስቲንግ የሚባል በሽታ በኮሎራዶ አለ። እንስሳው ተመርምሮ ውጤቱ ሳይታወቅ ሥጋውን ለሰው አትስጡ፤ በሽታው ከተገኘበትም አይበላ። እንዲህ ያለውን ሥጋ መጣል ብክነት አይደለም፤ ባልንጀራን መውደድ ነው። የዱር ሥጋንም በጥሬው አትብሉ፤ ክትፎና ቁርጥ የለመድን ሰዎች ነንና ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ሁለተኛ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተባርኮ ያልታረደ ሥጋ አንበላም የሚሉ እናቶችና አባቶች በቤታችን አሉ። አትከራከሯቸው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ ስለ ሌላው ሰው ሕሊና እንድንጠነቀቅ አስተምሮናል። ለእማማ ዶሮ ገዝታችሁ ውሰዱላቸው።

ምንም እንዳይጠፋ

ዮሐንስ ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ወንዶችን አጠገበ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው ትእዛዝ በቁጥር 12 ላይ ይገኛል፤ የተረፈው ፍርፋሪ እንዲሰበሰብና ምንም እንዳይጠፋ አዘዛቸው። ከምንም ተነሥቶ ሌላ አምስት ሺህ ሊያጠግብ የሚችል ጌታ ፍርፋሪ አስለቀመ! ሥጋ በየሱቁ በሞላበት አገር «አንድ ወርች ቢቀር ምን ይጎዳል?» የሚለውን ሁሉ ይህ ትእዛዝ ዝም ያሰኘዋል። መትረፍረፍ ለማባከን ፈቃድ አይሆንም።

በዚሁ ምዕራፍ ትንሽ ወረድ ብላችሁ ቁጥር 39ን አንብቡ። እዚያ ጌታ ስለ ሰዎች ይናገራል። አብ ከሰጠው ሁሉ አንድ እንኳ እንዳይጠፋበት፣ በመጨረሻው ቀንም እንዲያስነሣቸው የአባቱ ፈቃድ እንደሆነ ይገልጻል። በግሪኩ በሁለቱም ቁጥሮች ያለው ግስ አንድ ነው። ለፍርፋሪው «አይጥፋ» ያለበት ቃል ለእኛም የተነገረበት ቃል ነው።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን ልብ በሉልን። ብዙዎቻችሁ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ጉባኤ ተጀምራችሁ መንገድ ላይ የተተዋችሁ ሆኖ ይሰማችኋል። «እኔ ከባድ ሸክም ነኝ፤ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ማን ይመለስልኛል?» ትሉ ይሆናል። ኢየሱስ የጀመረውን እኩል መንገድ ላይ የሚጥል አዳኝ አይደለም። ወጪውን አስልቶ፣ መስቀሉን አይቶ፣ ያንኑ መንገድ መረጠ። በሉቃስ 15 ላይ እረኛው የጠፋችውን በግ ሲያገኛት በትከሻው ላይ ነው የሚያደርጋት፤ «ተከተይኝ» ብሎ አይተዋትም።

እንግዲህ ወደ ተራራ የምትወጡ ወንድሞች፣ ቢላችሁ ስለት፣ ከረጢታችሁ ንጹሕ፣ ባልንጀራችሁ ታማኝ ይሁን። ኤልኩን ስታዩ ከመተኮሳችሁ በፊት «ማን ይሸከመዋል?» በሉ። መልስ ከሌላችሁ ጠመንጃውን አውርዱ፤ በዚያ ቀን ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አያፍርም። መልስ ካላችሁ ግን በጸሎትና በምስጋና ተኩሱ፤ የመጨረሻዋም ከረጢት መኪናው ላይ እስክትጫን ድረስ ሥራው እንዳላለቀ እወቁ።

አባት ሆይ፣ ሕይወት ሁሉ የአንተ ናት። ከእጅህ የተቀበልነውን እንዳናባክን፣ የጀመርነውን እንድንፈጽም ጉልበት ስጠን። አንዳችንንም ሳትጥል ወደ ቤትህ አድርሰን። በልጅህ በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።